ምዕራፍ ሰባት፦ ጀሪካኑ እስኪሞላ

አዲስ አበባን በምሽት ከእንጦጦ አፋፍ ያየ ሰው እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ስልኩን አውጥቶ ያነሳል፣ ያነሳውን ያያል፣ ከዚያ ፊቱን አጨማዶ «ኧረ እንዲህ አልነበረም!» ይላል። ዓይኑ ያየው እንደ ተበተነ ፍም የሚንቦገቦግ ከተማ ነው። ስልኩ ያስቀረው ደግሞ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነገር። ከሕንጻዎቹ በላይ የነበረው ሰማይ የለም። ሕንጻዎቹም የሉም፤ መስኮቶቻቸው ብቻ ቀርተዋል።

ስልኩን መውቀስ ይቀናናል። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት ነው፣ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። አዲሶቹ ስልኮች «የሌሊት ሞድ» በሚሉት ዘዴ ሁለት ሦስት ሰከንድ እጃችሁን አታንቀሳቅሱ ይሏችኋል፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንስተው አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባሉ። እነሱም የሚያደርጉት ብርሃን ማጠራቀም ነው። በዚህ ምዕራፍ ማጠራቀሙን በራሳችን እጅ እንሠራዋለን።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው የዚህን ምዕራፍ ግማሽ ያውቀዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው መንጠባጠብ ይጀምራል። እናት ጀሪካኑን ከሥሩ ትደቅንና ተመልሳ ትተኛለች። ሲነጋ ሞልቶ ይገኛል። ቧንቧው ጉልበት አግኝቶ አይደለም፤ ጀሪካኑ ስለቆየለት ነው። የሌንሱ ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ ቧንቧው ምን ያህል እንደተከፈተ ነው። ሹተሩ ደግሞ ጀሪካኑ ከሥሩ የቆየበት ጊዜ። ፀሐይ ባለበት ቀን የሰከንድ 250ኛ እጅ ከበቂ በላይ ነው። ማታ ላይ ለዚያው ሥራ 10፣ 20፣ 30 ሰከንድ መደቀን ይኖርብናል።

ሦስተኛውን ነገር፣ አይኤስኦ የሚባለውን፣ ብዙ መምህራን ከጀሪካኑ ጋር ሊያጋቡት ሲሞክሩ አያለሁ። እኔ አይዋጥልኝም። አይኤስኦ አንዲት ጠብታ ውኃ አይጨምርም። የሠርግ ቤት ሞንታርቦ ብለው ይሻለኛል። ድምፁ የሰለለ ዘፋኝ ማይክ ሲይዝ ድምፅ ማጉያውን ብትጨምሩለት ዘፈኑ ይጎላል፣ ሽሽታውም አብሮ ይጎላል። ያ ሽሽታ ነው ፎቶ ላይ አሸዋ መስሎ የሚታየው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ በአይኤስኦ 6400 በግማሽ ሰከንድ የሚነሳውን ፎቶ በአይኤስኦ 100 ማንሳት ካሻችሁ 64 እጥፍ ጊዜ ትሰጡታላችሁ፣ 32 ሰከንድ ማለት ነው። ድምቀታቸው እኩል ይሆናል። በሁለተኛው ላይ ግን ጥቁሩ የምር ጥቁር ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በአይኤስኦ 100 እና በአፐርቸር ኤፍ 8 ነው። ፎከሱን ሩቅ ካለ መብራት ላይ አስተካክዬ ወደ ማንዋል እመልሰዋለሁ፤ ካልሆነ ካሜራው በጨለማ ሲፈልግ ያመሻል። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 16 ካጠበባችሁት የመንገድ መብራቶቹ ጨረር ያወጡና ኮከብ ይሆናሉ። የጨረሩ ቁጥር ከሌንሱ ውስጥ ካሉት ስለቶች ይመጣል፤ ስለቶቹ 8 ከሆኑ 8 ጨረር፣ 9 ከሆኑ ግን 18። ሙሉ ቁጥር ሲሆን ተቃራኒዎቹ ተደራርበው ነው፣ ጎዶሎ ሲሆን አይገጣጠሙም። ደስ ይላል፣ ግን ሲበዛ የገና ዛፍ ይመስላል። ቀዳዳው ሲጠብም ጠቅላላው ፎቶ ትንሽ ይደበዝዛል።

አሁን ካሜራው 30 ሰከንድ ሙሉ ንቅንቅ የማይልበት ቦታ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ትራይፖዱን ተሸክሜ፣ ታክሲ ቀያይሬ እንጦጦ ስደርስ፣ ካሜራውን ከትራይፖዱ የምታያይዘው ትንሿ ብረት ቤት ቀርታለች። (አሁን ከቤቴ ቁልፍ ጋር አስሬያታለሁ።) መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ገባሁና ሁለት ኪሎ ሽምብራ ገዛሁ።

«ጋሼ፣ በፌስታል ላድርገው?» አለኝ ልጁ።

«በሁለት ፌስታል ደርበው። ግን አታጥብቀው፣ ላላ ይበል።»

እንዲህ ያለ ሽምብራ ገዢ ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ሒሳብ እየመለሰ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ፌስታሉን የድንጋይ አጥር ላይ ዘርግቼ ካሜራውን ሳስቀምጥበት ሽምብራው እየተንሸራተተ የሌንሱን ሆድ አቀፈው። የዚያ ምሽት ፎቶዎች በትራይፖድ ካነሳኋቸው ከብዙዎቹ የጠሩ ናቸው። ሽምብራው ሽሮ ሆኗል።

ጽኑ የሚመስል ነገር ሁሉ ግን ጽኑ አይደለም። የእግረኛ ድልድይ ሰው በተራመደበት ቁጥር ይወዛወዛል። የፎቅ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሮቶ አለ፣ ከሮቶው ጋር ፓምፕ አለ። ፓምፑ ሲነሳ እግራችሁ ላይሰማው ይችላል፤ ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ይሰማዋል። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት እያንዳንዷ መስኮት ሁለት ሆናለች። ይህን እስካውቅ ድረስ ግማሽ ሰዓት ሌንሴን ስረግም አምሽቻለሁ። የራሳችሁ ጣትም አንድ ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ ካሜራውን ከተጫናችሁ ከ2 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሳ አድርጉት። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመውንም ነገር በብዙ ካሜራዎች ላይ አጥፉት። የማይነቃነቅ ነገር ላይ ሲቀመጥ የሌለ መንቀጥቀጥ ሲያሳድድ ራሱ ያንቀጠቅጣል።

*

እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫርድ ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከፎቅ መስኮት አነሳው። ሰረገላና እግረኛ የሚተራመስበት ጎዳና ነበር። ፎቶው ላይ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ተነቅሎ የሄደ ይመስላል። ዳጌር የሚጠቀምበት በብር የተለበጠ ሳህን ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር፣ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ምልክት ሳይተው አለፈ። ጥግ ላይ ግን አንድ ሰው ቆሟል፤ እግሩን አንስቶ ጫማውን እያስጠረገ። በፎቶግራፍ ታሪክ የመጀመሪያው ሰው እየተባለ የሚጠቀሰው እንግዲህ የሊስትሮ ደንበኛ ነው። ሊስትሮውም ከእግሩ ሥር ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ እጁ ሥራ ላይ ስለነበር።

የእኛም ፎቶ በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። አንድ ሚኒባስ ታክሲ በአንድ ነጥብ ላይ የሚቆየው ለግማሽ ሰከንድ ነው እንበል። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ደግሞ 30 ሰከንድ ሙሉ ተገትሮ ብርሃን ይሰጣል። ታክሲው ያስቀመጠው የግድግዳውን 60ኛ እጅ ብቻ ስለሆነ ሰማያዊው ገላው ይጠፋል። መብራቱ ግን ከግድግዳው እጅግ ይደምቃል፤ በግማሽ ሰከንድም ይበቃዋል። ስለዚህ መኪናው ጠፍቶ መብራቱ ይቀራል፣ በሄደበት መንገድ ሁሉ ክር እየተረተረ። ወደ እናንተ የሚመጣው ነጭ ክር ነው፣ የሚሄደው ቀይ። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ያስቆመው ታክሲ ደግሞ ቀዩ ክር ላይ ቋጠሮ ይጥላል። እነዚያን ቋጠሮዎች እወዳቸዋለሁ፤ ፌርማታው የት እንደሆነ ከፎቶው ላይ ይነበባል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሲያልፍም መስኮቶቹ ተዋሕደው አንድ ወጥ የብርሃን መቀነት ይሆናሉ።

30 ሰከንድ የማይበቃበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ካሜራ ከዚያ በላይ በራሱ አይቆጥርም፤ ቡልብ የሚባለው ቦታ ላይ ታደርጉትና እናንተ እስክትዘጉት ክፍት ሆኖ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፓሪስን ሌሊት ያነሳው ብራሳይ ጊዜውን በሲጋራ ይለካ እንደነበር ይነገርለታል፤ ለደመቀው አንድ ዓይነት፣ ለጨለመው ረዘም ብሎ የሚያጨስ ሌላ ዓይነት። የስልክ ሰዓት ለሳንባ ይሻላል።

*

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የፎቶ መማሪያ መጻሕፍት ላይ አለ። ጀማሪ የሚሳሳተው ግን እዚህ አይደለም፣ በሰዓቱ ነው። «የምሽት ፎቶ» ስለተባለ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እራት በልቶ፣ ጃኬት ደርቦ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ፎቶው ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

ምክንያቱን ፎቶ አንሺዋ ቤሬኒስ አቦት አሳምራ አሳይታናለች። አቦት የኒው ዮርክን ሕንጻዎች በሌሊት፣ ከላይ ወደ ታች፣ መስኮቶቻቸው ሁሉ በርተው ማንሳት ፈለገች። መስኮቶቹ የቢሮ ስለነበሩ ሠራተኛው በ11 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 5፡00 ላይ፣ መብራቱን አጥፍቶ ይወጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ በአብዛኛው ዓመት ውጭው ገና ብርሃን ነው። ጨለማውና መብራቱ የሚገናኙት ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በታኅሣሥ አጋማሽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የዲሴምበር አመሻሽ፣ ከኤምፓየር ስቴት ሕንጻ ላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ካሜራዋን ደቀነች። የኒው ዮርክ ፀሐይ በዚያ ሰሞን የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፊልሙን ለ15 ደቂቃ ብርሃን አጠጣችው። ያ ፎቶ ዛሬም በሙዚየም ይታያል። ድንቁ 15 ደቂቃው አይመስለኝም፤ አንዲቱን ግማሽ ሰዓት ከዓመቱ ውስጥ ለቅማ ማውጣቷ ነው።

ነገሩን ወደ እኛ ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። ፎቶው ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ፤ የሰማይና የመብራት። የመብራቱ አይለወጥም። የሰማዩ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየሦስት ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ 20 ደቂቃ ሲያልፍ ከመቶ አንድ እጁ ገደማ ይቀራል። ሹተሩን ብታስረዝሙ ሁለቱም ይጨምራሉ። አፐርቸሩን ብታጠቡ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በካሜራው ላይ ካሉት ቁልፎች ሰማዩን ትቶ መብራቱን ብቻ የሚነካ የለም። ያንን የሚያደርገው ሰዓቱ ብቻ ነው። (በተለያየ ሰዓት ሁለት ፎቶ አንስቶ በኮምፒዩተር ማጋባት ይቻላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ሳየው ግን የሌላ ሰው ኮት የለበስኩ ያህል ይሰማኛል።)

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እያለች አትሰናበትም፣ ቀጥ ብላ ትወድቃለች። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ከመብራቱ ጋር የሚመጣጠንበት ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በሰኔ ስቶክሆልም ያለ አንባቢ ከአንድ ሰዓት በላይ አመሻሽ ይሰጠዋል፤ ቡና ጠጥቶ ቢመለስም ይደርሳል። እኛ ግን በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ፣ በሐምሌ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ስትጠልቅ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ቆጥረን የምንሻማው ነው። ትራይፖዱ ከፀሐይ በፊት መቆም አለበት። ልኩንም እየቆዩ ማደስ ነው፤ የመጀመሪያው ፎቶ ግማሽ ሰከንድ በቅቶት ከሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያለው 15 ሰከንድ ይፈልጋል።

አዲስ አበባን ሰማዩ ሳይጠቁር ለማንሳት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የዚህች ከተማ ግማሽ ገጽታ ገና ያላለቀ ሕንጻ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ የተሰበሰቡት የባንክና የመድን ፎቆች፣ 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ጨምሮ፣ ማታ ማታ ራሳቸውን ያሳያሉ። በመካከላቸው ያለው ሲሚንቶው ያልተለሰነ፣ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የተጠመጠመበት ፎቅ ግን አንድ አምፖል የለውም። ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ስታነሱት ይጠፋል፤ ከተማዋ ጥርሷ የወለቀ ትመስላለች። ሰማዩ ሰማያዊ ሳለ ስታነሱት ግን መወጣጫው ሳይቀር፣ እንጨት በእንጨት፣ ጥቁር ሆኖ ተቀርጾ ይወጣል። ለእኔ ከመስታወቱ ፎቅ ይልቅ እሱ ነው አዲስ አበባን የሚናገረው። የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻም በዚያች ሰዓት ነው ክብ ጉልላቱ የሚለየው። ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበትን እ.ኤ.አ. 9-9-1999ን ለማስታወስ ነው። ከሩቅ ስታዩት ግን የንግድ ባንኩ እጥፍ ሆኖ ትከሻው ላይ ስለሚቆም ቁጥሩን የሚያስታውስ የለም።

ቀለሙም ከቀድሞው ተለውጧል። ድሮ ከተማዋ በምሽት የምትታየው እንደ ደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ነበር፣ በቢጫው የመንገድ መብራት። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ነጭ ሆነዋል፣ ጓሮው አሁንም ቢጫ ነው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። እኔ ተውኩት፤ ቢጫው ቢጫ ይሁን። ፎቶውን በሮው ፎርማት ካነሳችሁት ቤት ገብታችሁ ሐሳባችሁን መለወጥ ትችላላችሁ።

ወራቱን በአጭሩ ልለፍ። በክረምት ደመናው እንጦጦ ላይ ተቀምጦ ከተማዋን ይጋርዳል። ደረቁ ወቅት ሲገፋ አቧራውና ጭሱ ያረብባል። ዝናቡ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ ያሉት የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት ምሽቶች ናቸው ወርቅ። ብርዱ ግን የጥቅምት ብርድ ነው፤ ባትሪም ይበርደዋልና ትርፉን ከኮታችሁ ውስጥ ያዙት።

*

በአንዱ እንዲህ ባለ የጥቅምት ምሽት ቦሌ አካባቢ ካለ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ፈቃድ ነበረኝ፤ ያለ ፈቃድ ትራይፖድ መዘርጋት ከዘበኛ ጋር ማምሸት ነው። የሕንጻው ጠባቂ ግን ፈቃዱን አይተውም አላመኑኝም፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ቆሙ።

«ምንድን ነው የምትጠብቀው ልጄ?»

«ብርሃኑ እስኪጠራቀም ነው አባባ።»

«ይኸው በርቶ የለም እንዴ?» አሉ፣ በእጃቸው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ጠርገው እያሳዩኝ።

ሰማያዊው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። 30 ሰከንድ ሞላሁና ተጫንኩ። 20 ላይ ስደርስ፣ በልቤ እየቆጠርኩ፣ ከፊታችን ያለው ሰፈር በአንድ ጊዜ ድርግም አለ። መብራት ጠፋ። ከታች የሰው «ኡኡታ» እንደ ማዕበል መጣ፣ አንድ ውሻም አጀበው። ልቤ ወደቀ። ሹተሩን ግን አልዘጋሁትም፤ ዝም ብዬ 30 አስቆጠርኩት።

ካሜራው ተከድኖ ሌላ 30 ሰከንድ ጠበቅን። ረጅም ፎቶ ካነሳ በኋላ ለዚያው ያህል ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ያነሳል፣ ሴንሰሩ በራሱ የፈጠረውን ነቁጥ ለይቶ ለመቀነስ። ጠባቂው ይህን ሳስረዳቸው «ይቅርታ እየጠየቀ ነው በለኛ» አሉ። ከዚያ ስክሪኑ በራ።

ሰፈሩ በርቷል። መስኮት በመስኮት፣ ከነኮርኒሱ። ያጣው ከ30 ሰከንዱ 10 ብቻ ስለነበር ትንሽ ፈዘዝ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም፤ ጀሪካኑ ውስጥ የገባ ውኃ ቧንቧው ስለተዘጋ ተመልሶ አይወጣም። ጠባቂው አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ፣ ቀና ብለው ጨለማውን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ።

«እዚህ እኮ አልጠፋም!»

ወዲያው ሁለተኛ አነሳሁ። በዚህኛው ሰፈሩ ጥቁር ጉድጓድ ነው፤ ካለቁት መካከል ያላለቀ ፎቅ መስሏል። ሦስተኛውን ስጀምር ጀነሬተሮች ተራ በተራ መነሳት ጀመሩ፣ መጀመሪያ ሆቴሉ፣ ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ፣ ከዚያ ማን እንደሆነ ያልለየሁት አንድ ብቸኛ መስኮት። ሰማያዊውም አለቀ።

ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ሦስቱን ደግሜ አሳየኋቸው። እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ነበር፣ ያ ብቸኛ መስኮት። እሳቸው ግን ስልካቸውን ከጋቢው ሥር አውጥተው ነበር።

«ዱባይ ላለችው ልጄ በቴሌግራም ላክልኝ» አሉ። «የመጀመሪያውን። መብራት ያለበትን።»